እናቶቹ ከግቢ አይወጡም

አርባ ምንጭ ውስጥ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ተብዬ «ዓሣ አረባለሁ» ብዬ ስመልስ ያልሳቀብኝ ሰው ጥቂት ነው። አይፈረድባቸውም። አባያ በአንድ በኩል፣ ጫሞ በሌላ በኩል ተንጣለው ሳሉ ጉድጓድ ቆፍሮ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። የሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ነጂዎች «እትዬ ኩሬ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። መጀመሪያ እቆጣ ነበር፤ ኋላ ግን ስሙ ጠቀመኝ፤ አፌን ሳልከፍት የት እንደምሄድ ያውቁ ጀመር።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ሰዓቱ በሳምንቱ ቆመ፤ ወረቀቱ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቷል። ስለ መሥሪያ ቤቱ ይህን ካልኩ ይበቃኛል፤ ደመወዙም ቢሆን የሚወራለት አልነበረም። መናገር የምፈልገው ስለ ጋሽ አንጁሎ ኩሬዎችና አንድ ጊዜ ከእጃችን ሊያመልጥ ስለ ነበረው ዘር ነው።

ሥራ የጀመርኩት አባያ ዳር፣ ጀልባዎች ዓሣ የሚያራግፉበት ቦታ ላይ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የዓሣ ባለሙያ ብሎ ቀጥሮኝ ሲያበቃ ሥራዬ መመዘን ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሚዛኑን በጭንቅላቴ ተሸክሜ እወርዳለሁ፣ አጥማጆቹ ዓሣቸውን ይጥሉልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዓመት ዓመት ዓሣው እያነሰ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ድሮ ሰፌድ ይሞላ የነበረው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መዳፍ የማይሞላ ሆነ። ይህንኑ ጽፌ ስወስድ አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ «ጥሩ ነው ታደለች፣ ግን ዘንድሮ ከአምና ያነሰ አይምሰል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ እናደዳለሁ። አንድ ቀን «እንግዲያው ዓሣዎቹን ጠርተህ አንተው ንገራቸው» አልኩት። በሳምንቱ ወደ ኩልፎ ተመደብኩ።

ምድቡ ቅጣት መሆኑ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር አንድ ሽማግሌ ከመስኖው ቦይ ውኃ እየጠለፉ ኩሬ ይሞላሉ፣ ሙዛችን ሊደርቅ ነው የሚል አቤቱታ መጥቶ ነበር። የተላክሁት ሽማግሌውን እንዳስቆም ነው። ሄድኩ፤ እስከ ጡረታዬም ከዚያ አልወጣሁም።

ጋሽ አንጁሎ በወጣትነታቸው ጫሞ ላይ ጀልባ የነበራቸው ሰው ናቸው። ሐይቁ ሲራቆት አይተው ጀልባቸውን ሸጡና ከአባታቸው በወረሱት ሰፊ መሬት ላይ፣ በማንጎውና በሙዙ መካከል ኩሬ መቆፈር ጀመሩ። በእኛ አገር ከሳቸው በፊት ይህን የሞከረ አልነበረም። ዘመዶቻቸው አብደዋል ብለው ለጸሎት ወሰዷቸው። ተጸለየላቸውና ተመልሰው መጥተው መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

መጀመሪያ ቀን ስደርስ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ «እጅሽን አርጥቢ» አሉኝ።

«ለምን?»

«አንዷን ልሰጥሽ ነው። ደረቅ እጅ ያቆስላቸዋል። ገላቸው ላይ ያለው የሚያሟልጭ ነገር ልብሳቸው ነው፤ ከተላጠ ይታመማሉ።»

አረጠብኩ። አንድ ወፍራም ቆሮሶ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አባያ ዳር ስንት ዓመት ዓሣ መዝኜ በሕይወት ያለ ዓሣ እንደዚያ ይዤ አላውቅም ነበር። ልቧ ሲመታ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ላስቆማቸው የመጣሁትን ነገር ያን ቀን አላነሳሁትም፤ በማግስቱም አላነሳሁትም። ቦዩን አብረን ስንከተል ጋሽ አንጁሎ ውኃውን እንደማያስቀሩት አየሁ፤ በኩሬው ያልፍና ወደ ጎረቤቶቻቸው ሙዝ ይወርዳል። የዓሣ እዳሪ የጠገበ ውኃ ስለሆነ ሙዙ ከበፊቱ ይበልጥ ያፈራል። ይህን ለጎረቤቶቹ ለማሳመን አንድ የሙዝ ወቅት ፈጀብን። ከሁሉ በላይ የከሰሰቻቸው አማረች የምትባል ሙዝ አምራች ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ድምጿ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ፣ የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር መሪ ናት። ሙዟ ሲወፍር አይታ አንድ ግንድ ሙሉ ሙዝ ቆርጣ ተሸክማ መጣችና በራቸው ላይ ጣለችው። «ክሱ ቀርቷል» አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ እንደ እሷ የሚወዳቸው ሰው አልነበረም።

የጋሽ አንጁሎ የሥራ ዘዴ በትምህርት ቤት ካየሁት አይርቅም፤ ልዩነቱ እሳቸው አንድም ቀን አይዘሉትም። ጠዋት ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ኩሬው ውስጥ ነክረው ጥፍራቸውን ይፈልጋሉ። ጥፍራቸው ከታያቸው ውኃው ተርቧል፤ እበት የተሞላ ጆንያ ጠርዙ ላይ ይታሰርለታል። ገና ክንዳቸው ሳይገባ መዳፋቸው ከጠፋባቸው ውኃው ጠግቧል፤ ያን ቀን ማንም ምንም እንዳይጨምር። ጭቃውን በጣታቸው አሽተው ያሸቱታል። ከተማ ካሉ አለቆቼ አንዱ ከረባት አስሮ እንግዳ ይዞ ሲመጣ ለሱም እጁን አርጥቦ ዓሣ እንዲይዝ ማሰሮ ውኃ አቀረቡለት። «እኔ አልነካም» አለ። «እንግዳ ፊት ባለቤቱን እንቢ አይባልም» አሉት። ዓሣዋ ከረባቱን በጅራቷ መታችው። እኔ ማንጎ ሥር ተደብቄ እስኪበቃኝ ሳቅሁ። ያ አለቃ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የኛ ሰው ሆነ፤ ሞተር ሳይክል ያገኘሁትም በሱ ነው።

የልፋታቸው ሁሉ ፍሬ ግን የላይኛው ኩሬ ነበር። ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ስትገባ አንድ ክፉ አመል አላት። ገና ሳታድግ መውለድ ትጀምራለች፤ ልጆቿም ገና ሳያድጉ ይወልዳሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ኩሬው በሚጢጢ ዓሣ ይሞላል፣ ለድስት የሚበቃ አንድም አይገኝም። ጋሽ አንጁሎ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን አመል ለማረቅ ነው። ለመውለድ የማትቸኩለውን፣ መጀመሪያ ገላዋን የምታሳድገውን ሴት ከመቶዎቹ መካከል እየለዩ፣ ከሷ ልጆች ደግሞ እናቷን የመሰለችውን እየለዩ ስንት ትውልድ አሳለፉ። ሴቷን ከወንዱ ለመለየት ቁስል ላይ የሚቀባውን ሐምራዊ ቀለም ከሆዷ ሥር ጠብ ያደርጉባታል፤ ቀለሙ ልዩነቱን አጉልቶ ያሳያል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይሉ ነበር። ውጤቱም ታየ። የሳቸው ቆሮሶ ከሐይቁ ይልቅ የወፈረ ሆኖ የከተማው የዓሣ ኮተሌት ቤቶች በስማቸው ይጠሩት ጀመር።

ቆሮሶ እንቁላሏን የምትፈለፍለው በአፏ ይዛ ነው። ጫጩቶቹ እስኪወጡና መዋኘት እስኪለምዱ ድረስ እህል አትቀምስም። ጋሽ አንጁሎ አፏ የሞላ እናት ሲያዩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ አራስ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔንም እንደዚያው አስለመዱኝ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ለገበሬ የሚሸጡት ወንድ ወንዱን ለይተው ነው፤ ወንዶቹ ይወፍራሉ፣ ይበላሉ፣ ያልቃሉ። እናቶቹ ግን ከግቢ አይወጡም። በዚህ ነገር አዘውትረን እንጨቃጨቅ ነበር።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ዘሩ አንድ ኩሬ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ኩልፎ ቢሞላስ?»

«ኩልፎን አውቀዋለሁ። ሰውን ነው የማላውቀው። እናቶቹን ከሰጠሁ የትም ኩሬ ገብተው ከየትም ዓሣ ይደባለቃሉ። ከዚያ ያ ሁሉ ልፋት ውኃ በላው።»

«ለማንም ሳይሰጡ ታዲያ ለማን ነው የለፉት?»

ይህን ስል ጆንያ ማሰር ይጀምራሉ።

ሕጉ አንድ ጊዜ ብቻ ተጥሷል፤ አጣጣሱም የሳቸውን ስስት የሚያሳይ ነው። የሚስታቸው የእትዬ አስቴር ወንድም ጋሽ ኩሲያ ዶርዜ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። ቤታቸው አጠገብ ከምንጭ የተጠራቀመች ኩሬ ነበረቻቸውና ዓሣ ስጠኝ አሉ። ወንድ ወንዱ ሲመጣላቸው የመለያውን ቀለም አይተው «ልታታልለኝ ነው እንዴ? ሴትም አምጣ» ብለው ድርቅ አሉ። ጋሽ አንጁሎ ትንሽ አሰቡና ጥቂት ወጣት እናቶች ሰጧቸው። እኔ ገርሞኝ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ። ዶርዜ ብርድ ነው፤ ቆሮሶ በብርድ ውኃ ትኖራለች እንጂ አትወልድም። እትዬ አስቴር ሰምተው «ስስትህ ደጋም ወጣ» አሏቸው።

ጋሽ ኩሲያ ዓሣ አይበሉም፤ እንደ ብዙዎቹ የደጋ ሰዎች ነገሩ ያስጠላቸዋል። ግን ወደዷቸው። ከእንሰቱ ሥራ የተራረፈውን እየጣሉ ይቀልቧቸው ነበር። ጋቢ ሊሸጡ ሲቀላ በወረዱ ቁጥር በእህታቸው ቤት ያልፋሉ፤ በገቡ ቁጥርም አንድ ነገር ይላሉ፦ «አንጁሎ፣ መካን ዓሣ ሰጠኸኝ።»

አሁን ወደ መጥፎው ዓመት ልምጣ።

ሐይቁ ከድሮው ይበልጥ ስለከዳ ከየቀበሌው ኩሬ የቆፈሩ ገበሬዎች ጫጩት ጠየቁ። ያን ያህል ጫጩት አስፈልፍለን አናውቅም ነበር። እናቶቹን የምናዋልደው አሮጌ አጎበር እንደ ከረጢት ሰፍተን ኩሬው ውስጥ በእንጨት ላይ እየዘረጋን ነው፤ ውኃው ይገባል ይወጣል፣ ጫጩቱ ግን አያመልጥም፣ ወፍም አይደርስበትም። አጎበሮቹ እትዬ አስቴር ኩልፎ ድንጋይ ላይ በአመድ ስንቴ ያጠቧቸው፣ የነተቡ ናቸው። አሮጌውን ብቻ የምንጠቀመው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ጋሽ አንጁሎ «አዲሱ ለወባ ነው» ስለሚሉ ነው። ታዲያ ለዚያ ሁሉ ሥራ አሮጌው አልበቃም። አዲስ ኩሬ ሊቆፈር፣ ጠርዙ ሊጠቀጠቅ ደቦ ተጠራ።

በደቦው ቀን ጠዋት አማረች የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ በዘፈን መጣች። እያንዳንዳቸው ገና ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ አጎበር ደረታቸው ላይ ይዘዋል። በዚያ ሰሞን ነበር ከጤና ኬላ የታደለው።

ጋሽ አንጁሎ አይተው እጃቸውን አወዛወዙ። «አጎበር ለወባ ነው። ወደ ቤት መልሱት።»

«ቤታችን የድሮው አለ ጋሼ» አለች አማረች። ከጋሞኛ ወደ አማርኛ ስትመጣ አንተና አንቱ ስለማይለዩላት ሁሉንም ሰው አንተ ነው የምትለው። «ደቦ ባዶ እጅ ይመጣል እንዴ? እምቢ ካልክ አልወድሽም አልክ ማለት ነው።»

ለሥራ ይዞ የመጣን ሰው ስጦታ መመለስ በአገራችን ነውር ነው፤ የጠላት እንኳ አይመለስም። እትዬ አስቴር ከበሩ ላይ ቆመው ባላቸውን አዩዋቸው። ጋሽ አንጁሎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀበሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ አዲሱ ኩሬ እስኪሞላ ድረስ በላይኛው ኩሬ ዙሪያ ቁጭ ብለን ሰፋን። ሲዘረጋ ነጭ በነጭ ሆኖ የሠርግ ድንኳን መሰለ። እናቶቹን አንድም ሳናስቀር፣ ከተመረጡት አባቶች ጋር፣ በየአጎበሩ አስገባናቸው። ውኃው ጫጩቶቹን እንዳይገፋቸው ቦዩን ዘጋን። እትዬ አስቴር ያዘጋጁትን ፎሶሴ፣ ያን በቆሎና ሽፈራው፣ በሙዝ ቅጠል ላይ በላን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤት የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ስመጣ ጋሽ አንጁሎ ከኩሬው ዳር ቁጭ ብለዋል። ክንዳቸው ደረቅ ነው። ቀና ብለውም አላዩኝም። አጎበሮቹ ውስጥ ዓሣዎቹ በጎናቸው ተንሳፈዋል። ውኃ ላይ የሚንሸራተቱት ትንንሽ ነፍሳት ሳይቀሩ ሞተዋል። አንዷ እናት ማታውኑ እንቁላሏን ጥላ አንስታ ነበር መሰለኝ፣ አፏ ሞልቶ እንደተዘጋ ሞታለች። እሷን ሳይ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኛን ነው።

ወደ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አንጁሎ ተነሡ። ከታችኛው ኩሬ ጥቂት ወንዶች በሁለት ባልዲ አመጡ። በአንዱ ከአዲሱ አጎበር ቁራጭ፣ በሌላው ከአሮጌው ቁራጭ ነከሩ። አጠገቡ ተቀመጥን። ፀሐይ ከደጋው ተራራ ጀርባ ሳትገባ የመጀመሪያው ባልዲ ዓሣዎች ተገለበጡ። አዲስ አጎበር ትንኝ የሚገድል መድኃኒት እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ በየቤታችን በሱ ሥር ነው የምንተኛው። ዓሣ ላይ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

«ለአማረች መንገር አለብን» አልኩ።

«አይነገራትም።»

«ጋሽ አንጁሎ...»

«ስጦታ ይዞ የመጣን ሰው እጅህ መርዝ ነው አይባልም። በሽታ ገባባቸው እንላለን።»

«ነገ ሌላ ሰው በኩሬው ቢሰቅለውስ?»

«ሌላው ሰው ያለው ወንድ ወንዱን ነው፤ ምን ብሎ አጎበር ይሰቅላል? እናት ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።» ከተገለበጡት ዓሣዎች አንዱን ከባልዲው አወጡና «ሌላ ሰው ሊያዋልድ ሲነሣ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ።

ተናደድኩባቸው፤ ዛሬም ድረስ ትክክል ነበሩ አልልም። አጎበሮቹን ከኩሬውም ከቦዩም ርቀው በገንዳ አጥበው፣ አጥፈው፣ ሥራው አልቋል ብለው ለየባለቤቱ መለሱ። ላይኛውን ኩሬ አድርቀን ጭቃውን ለፀሐይ ተውነው። ታችኛው ኩሬ ውስጥ የዘሩ ወንዶች ሞልተዋል፤ እናት ግን የለም። ከሐይቅ ሴት አምጥቶ መጀመር ይቻል ነበር፤ ያ ማለት ግን ያን ሁሉ ትውልድ እንደገና መልቀም ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ዕድሜ እንዳልቀራቸው ሁለታችንም እናውቃለን። ጋሽ አንጁሎ ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን መንከር ተዉ። ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ገበሬዎቹ ሲመጡ እኔ ነኝ ወጥቼ «ዘንድሮ የለም» የምላቸው። አማረች በየቅዳሜው አንድ ማዳበሪያ ፉርሽካ ተሸክማ እየመጣች «በሽታው ሲለቃቸው ይበላሉ» ብላ ከግድግዳው ጥግ ታስቀምጣለች። ሌሎቹ ሴቶች ሳይጠሩ መጥተው የኩሬውን ጠርዝ ሣር ያርማሉ። ለማን ብለው እንደሚያርሙ አይገባኝም ነበር።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ጋሽ ኩሲያ አንድ የገበያ ቀን ጋቢያቸውን ተሸክመው ገቡ። እትዬ አስቴር ወጥ እያወጡ ነበር። ጋሽ ኩሲያ ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ልማዳቸው «አንጁሎ፣ ያ መካን ዓሣህ ዛሬም አልወለደም» አሉ።

እትዬ አስቴር ጭልፋውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ጋሽ አንጁሎ ሬዲዮውን ዘጉ። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። ጋሽ ኩሲያ ሦስታችንንም እያዩ «ምን አልኩ?» አሉ።

በማግስቱ ድንች ለመጫን ወደ ደጋ የሚወጣ አይሱዙ ላይ በርሜል ጭነን ወጣን። ዶርዜ ስንደርስ ጭጋግ ነበር፤ እኔ በቆላ ልብሴ ተንቀጠቀጥኩ። ጋሽ ኩሲያ ኩሬያቸው ዳር ቁጭ ብለው ድንጋይ በድንጋይ ሲያንኳኩ ዓሣዎቹ መጡ። ቀጫጭኖች፣ ቀርፋፎች ነበሩ፤ ግን ነበሩ። እናቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ በአንድ አወጣናቸው።

«ይመለሳሉ?» አሉ ጋሽ ኩሲያ።

«እነሱ አይመለሱም። ልጆቻቸውን አመጣልሃለሁ» አሉ ጋሽ አንጁሎ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ «ኩሲያ፣ መካን አይደሉም። ብርዱ ነው የከለከላቸው። ስሰጥህ አውቅ ነበር» አሉ።

ጋሽ ኩሲያ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አሉ። «እንዳይወልዱልኝ አውቀህ ነው የሰጠኸኝ?»

«አውቄ ነው።»

«እንኳን ሰሰትክ» አሉና ሳቁ። ጋሽ አንጁሎም ሳቁ፤ ከዚያ መጥፎ ቀን በኋላ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ከብርድ ወደ ሙቀት ዓሣ ማውረድ ችኮላ አይወድም። በድንገት ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ከገባች ትሞታለች። ጋሽ ኩሲያ አዲስ ጋቢ ውኃ ነክረው በርሜሉ ላይ አለበሱት። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ጅረት ባገኘን ቁጥር ሾፌሩን እያስቆምን ከበርሜሉ አንድ ጣሳ እንቀዳለን፣ ከጅረቱ አንድ ጣሳ እንጨምራለን። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ጅረቱም ሞቅ ይላል። ሾፌሩ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ግን ራሱ ጅረት ሲያይ ማቆም ጀመረ። ጋሽ አንጁሎ ከላይ እስከ ታች እጃቸውን በርሜሉ ውስጥ እንደነከሩ ነው የተጓዙት። ኩልፎ ስንደርስ «አንዷም አልሞተች» አሉ።

ከታችኛው ኩሬ ወንድሞቻቸውን ሳይሆን ራቅ ያለ ዝምድና ያላቸውን አባቶች መርጠን ጨመርንላቸው። ጠበቅን። ቀጫጭኖቹ ወፈሩ፣ ቀለማቸው ጨለመ። አንድ ጠዋት አንዷ ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ይዛ አየኋት፤ ፉርሽካው አፍንጫዋ ላይ ሲወርድ አትነካም። ጉንጯ ተነፍቷል። ጋሽ አንጁሎን ለመጥራት ዞር ስል ከኋላዬ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። እኔም አላፈርኩም፤ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የሥራ ዘመን ነው፤ ዘሩ ተመለሰ፣ ጋሽ ኩሲያም ቃል የተገባላቸውን አገኙ። ሕጉ ግን ባሰበት። አንድ ጊዜ የደነገጠ ሰው ነው፤ ማታ ማታ በበሩ ላይ ቁልፍ መጨመር ጀመሩ። እናቶቹ ከግቢ አይወጡም። እኔም መጨቃጨቁን ተውኩት።

ጡረታዬ ሲቃረብ የአማረች ማኅበር ከሙዙ መሬት ቀንሶ የራሱን ኩሬ ቆፈረ። ሴቶቹ ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው፣ ውኃውን ሞልተው፣ ዓሣ አምጡልን አሉ። ጋሽ አንጁሎ በዚያን ጊዜ በከዘራ ነበር የሚሄዱት። በቀጠሮው ጠዋት ስደርስ በርሜሉ ተከድኖ ጋሪ ላይ ተጭኗል። ወንድ ወንዱን ለይተው ጨርሰዋል ብዬ አልጠየቅሁም።

ኩሬው ዳር ሴቶቹ ተሰብስበው ጠበቁን። ጋሽ አንጁሎ ከጋሪው ወርደው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «መጀመሪያ የምነግራችሁ ነገር አለ» አሉ። «ያኔ ዓሣዎቼ ያለቁት በበሽታ አይደለም። አጎበሩ ነው። አዲሱ መድኃኒት አለው። ያኔ ልነግራችሁ አልቻልኩም። አሁን ግን እናንተም ልታዋልዱ ነው፤ አዲስ አጎበር ኩሬያችሁ እንዳይገባ።»

«ልታዋልዱ ነው» ያሉት ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። አማረች መሬት መሬት እያየች ነበር።

«እናውቃለን ጋሼ» አለች።

«ምኑን?»

«አጎበሩን አጥበህ ስትመልስልን ግራ ገባኝ። አዲስ ነገር ምን ይታጠባል? ጤና ኬላ ሄጄ ልጅቷን ጠየቅኋት። ዓሣ ይገድላል አለችኝ። ለሁሉም ነገርኳቸው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«አንተ እኛ እንዳናዝን ብለህ ዋሸህ። እኛ በምን አፋችን እናውቃለን እንበልህ? ቅዳሜ ቅዳሜ ፉርሽካ ሳመጣ ምን መሰለህ?»

«ጉርብትና መሰለኝ።»

«ይቅርታ ነበር» አለች። ድምጿ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት፤ ያን ቃል ለመስማት ግን መጠጋት ነበረብኝ።

ጋሽ አንጁሎ ወደ ጋሪው ሄደው የበርሜሉን ክዳን በራሳቸው እጅ አነሡ። እኔና አማረች ቀርበን አየን። ጫጩት አልነበረም። ጥቋቁር፣ ሰፋፊ ጀርባ ያላቸው፣ እኔ እያንዳንዳቸውን የማውቃቸው፣ ከላይኛው ኩሬ የተመረጡ እናቶች ናቸው። ከግቢ ሲወጡ ሳያማክሩኝ ብቻቸውን ነው የጫኗቸው።

አማረች ወደ ኋላ ሸሸች። «ጋሼ፣ እነዚህን አልቀበልም። ቢሞቱብኝስ?»

«እኔም ጋ ሞተው ያውቃሉ» አሏት። «ቢሞቱብሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ቢሞቱብኝ እኔ አንቺ ጋ እመጣለሁ።»